በእማማ ጥሩዬ አውድማ ላይ የተተከሉ ድንኳኖች

ዜናው የደረሰኝ እልልታ ሆኖ ነው። ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ባለው የትራንዚት ቢሯችን ተቀምጬ የኮንቴይነር ወረቀት ሳመሳክር ስልኬ ጮኸ። የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር የቴሌግራም ገጽ ነው። ገናን ላሊበላ ሊያከብሩ የሄዱት አርባ ሦስት ምእመናን ፎቶ ልከዋል። ከሥሩ፣ «ምን የመሰለ ማረፊያ አገኘን! ደልዳላ፣ ጽድት ያለ፣ ነፋሻ። አመራረጡን ላስተማረችን እህታችን እግዚአብሔር ይስጥልን» ይላል። እህታችን የተባልኩት እኔ ነኝ።

ፎቶውን በጣቴ አስፍቼ አየሁት። ሰማያዊና ብርቱካንማ ድንኳኖች፣ ነጭ ነጠላ፣ ሳቅ። የተቀመጡበት መሬት ክብ ነው። ክብ፣ ልሙጥ፣ በእበት የተለቀለቀ። ፍራሽ ብለው የጎዘጎዙት ደግሞ ዛላው ከነፍሬው ይታያል። ያልተወቃ ነዶ ነው። የሰው የዓመት እህል ላይ ነው የተኙት።

ከተማ ተወልዳችሁ ላደጋችሁ አንባቢዎች ልንገራችሁ። አውድማ ገበሬ እህሉን በበሬ እያስረገጠ የሚያበራይበት መሬት ነው። ድንጋዩ በእጅ ይለቀማል፣ ይደለደላል፣ በእበት ይለቀለቃል። እብቁን ከፍሬው የሚለየው ነፋስ ስለሆነ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይደረጋል። እኔ የላስታ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ አውድማ ሲገባ አይቼው አላውቅም። ደጃፉ ላይ ያማትባል፣ ከዚያ ይገባል።

እንዴት እዚያ እንደሰፈሩም ወዲያው ገባኝ። ማኅበራችን በየዓመቱ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባሕር ዳር ሁለት ሌሊት ሰፍሮ ይጸልያል፣ ይማራል። ቦታ የምመርጠው እኔ ነኝ። ከሳምንት በፊት በእረፍቴ ቀን እሄድና ዳርቻውን በእግሬ እዞራለሁ። ማዕበሉ የጣለው የደረቀ የባሕር አረም የት ድረስ እንደደረሰ አይቼ ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ወደ ላይ እርቃለሁ። የደረቀ ወንዝ አፍ ላይ አላሰፍርም፤ ተራራው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳይነግር ይመጣል። እግር የሚቆርጥ የባሕር ድንጋይ ካለ እተወዋለሁ። ነፋስ የማያገኘው ቦታ በእኛ ሙቀት ምድጃ ነው። ዘንድሮ መርከብ ተደራርቦብኝ ፈቃድ ስላጣሁ፣ ይህንኑ በወረቀት ጽፌ ለጉዞ አስተባባሪያችን ለጌታነህ ሰጠሁት፦ ደልዳላ፣ ድንጋይ የሌለበት፣ ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ከግርግር የራቀ። የባሕር ዳር ወረቀት ለደጋ ሰጠሁ። በላስታ ደጋ ይህን ሁሉ የሚያሟላ መሬት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሰው አውድማ ነው።

ወዲያው ደወልኩ።

«ጌታነህ፣ የማን አውድማ ነው?»

«የምን አውድማ? ሜዳ ነው እንጂ! ወለሉን ብታዪው ሲሚንቶ ነው የሚመስልሽ» አለኝ። ጌታነህ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ሲስቅ ከሩቅ ይሰማል።

«ያነጠፋችሁትስ?»

«ገለባ ነዋ። ብርዱን አትጠይቂኝ፣ እኛ ይዘን የመጣነው አንሶላ ነው። እዚያው ተከምሮ አገኘነው።»

«ተከምሮ?»

«አዎ። አንዱን ክምር ትንሽ እሳት ነክቶት ነበር፣ አጠፋነው። አትጨነቂ።»

አትጨነቂ! ይህች ቃል ናት ከወንበሬ ያስነሣችኝ። ባለ አውድማውን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ፣ እስከ ጥምቀት ማግሥት ፈቃድ ለምኜ አገኘሁ።

ሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ጅቡቲ

የቢሯችን ደንበኛ በሆነ ሾፌር ከባድ መኪና ተሳፈርኩ። ከኋላችን ማዳበሪያ ተጭኗል። ባሕሩ ገና ግራጫ ነው፤ ወደቡ ላይ መብራት አልጠፋም። ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ አቧራ፣ የፍየል መንጋ፣ የተሰለፈ መኪና። ጋላፊ ድንበር ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ቆምን። ውዳሴ ማርያም ስደግም፣ «ከንቱ ድካም ከሆነስ?» እያለ ሐሳቤ ይሰርቀኛል፤ መልሼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሚሌ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቋል። አደርን።

ማክሰኞ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ

ከባቲ ጀምሮ ዛፍ ይታያል፣ ሰው ይበዛል። ኮምቦልቻ ላይ ሾፌሩ ማዳበሪያውን ሊያራግፍ ቀረ፤ እኔ አውቶቡስ ቀየርኩ። ከውርጌሳ ወዲህ የመንገዱ ዳር በሙሉ እህል የሚወቃበት ነው። በእያንዳንዱ አውድማ ላይ ባዶ እግር አየሁ። ከመስኮቱ ሆኜ ቆጠርኩ፤ አንድ እንኳ ጫማ የለም። ያየሁት ሁሉ የእኛን አርባ ሦስት ሰው የሚገሥጽ መሰለኝ። ከአርባ ሦስቱ መካከል አንድ የገበሬ ልጅ እንዴት ይጠፋል? እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የባላገር ልጅ መሆናቸውን የማውቃቸው አሉ። ነዶ መሆኑን እያወቁ፣ ስለሞቃቸው ዝም ያሉ አሉ።

ረቡዕ፣ ከወልድያ ወደ ጋሸና

ሚኒባሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጣ። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል፤ የወልድያ ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ። የድልብን ዳገት ስንጀምር በመስታወቱ አየኝ።

«እህቴ፣ ፊትሽን እንዲህ የቋጠርሽው ማንን ልትከሺ ነው?»

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሙዚቃውን ዘጋው።

«አውድማ ላይ? በጫማ?»

«በጫማ።»

«ወላሂ፣ የኔ አባት ቢሆን በመንሽ ነበር የሚያባርራቸው! ጸሎተኞች አይደላችሁም እንዴ? የሚጸልይ ሰው እህል አያውቅም?»

«እነሱን በላቸው፤ እኔ አልነበርኩም» አልኩ።

«ቦታውን እንዲህ ምረጡ ያልሽው ግን አንቺ ነሽ» አለና ማርሽ ቀየረ። የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ሳቁ።  

ጋሸና መገንጠያው ላይ ነፋሱ ነጠላ ይነጥቃል። የቆሙ ከባድ መኪናዎች፣ ጋቢ የተከናነቡ ሾፌሮች፣ የተቃጠለ ናፍጣ ሽታ። ጾም ስለሆነ ሽሮ አዘዝኩ፤ መቶ ሠላሳ ብር፣ ከነቃሪያው። የምግብ ቤቷ ባለቤት ወደ ላሊበላ እንደምሄድ ስትሰማ፣ «የባሕር ሰዎች እህሏን ያቃጠሉባትን ሴት ሰማሽ?» አለችኝ።

«የባሕር ሰዎች?»

«ከባሕር የመጡ ተሳላሚዎች ናቸው አሉ። እንዲያው ምን ዓይነት ሰው ነው በክምር የሚሞቅ?»

ከእነሱ ወገን ነኝ አላልኩም። ሽሮውን ትቼ ሒሳብ ከፈልኩ። በአገሬ መንገድ ላይ፣ ስማችን «የባሕር ሰዎች» ሆኖ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል።

ሐሙስ፣ ላሊበላ

ጠዋት ቤተ ማርያምን ተሳልሜ በባጃጅ እስከ ከተማው ጫፍ ሄድኩ፤ ከዚያ የአንድ ሰዓት ዳገት በእግር። የባለ አውድማዋ የእማማ ጥሩዬ ቤት የድንጋይ ካብ ያለው የሣር ቤት ነው። ባላቸው ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ መሬታቸውን የሚያርስላቸው ምርቱን የሚካፈል እኩል አራሽ ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ ያለባቸው ሴት ናቸው። ከበሩ ላይ አይተውኝ ገና ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው ወጡ። የላሊበላን ሰው ደንብ ታውቁታላችሁ፤ ለመሳለም የመጣን እንግዳ እግር ያጥባል።

«እማማ፣ የኔን እግር አይንኩ። እኔ ከእነዚያ ከአውድማዎ ላይ ካደሩት ማኅበር ነኝ» አልኩ።

«እና? እግርሽ አቧራ አልነካውም?»

«እማማ፣ ይተዉኝ። ያስቀስፈኛል።»

«እኔ ወድጄ አጥቤሽ አንቺ የምትቀሠፊ አይመስለኝም። ቁጭ በይ!»

ቁጭ አልኩ። አጠቡኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የአርባ ሦስቱንም እግር እንዲህ ነው ያጠቡት፤ ታጥበው፣ ጫማቸውን መልሰው አጥልቀው ነው አውድማው ላይ የወጡት።

«ከቤት ግቡ፣ ለሴቶቹ መደቡን ለቅቄያለሁ፣ ወንዶቹ ጎተራው ሥር ይተኛሉ አልኳቸው» አሉ እማማ ጥሩዬ። «ጭስ ይበዛል፣ አየር እንፈልጋለን አሉኝ። እሺ፣ ወደ ግጦሹ ሂዱ ብዬ በእጄ አሳየሁ። ጎንበስ ብዬ ቀና ስል አውድማው ላይ ድንኳን ቆሟል።»

«ለምን አላስነሧቸውም?»

«ለገና የመጣን እንግዳ? ሲዘምሩ ሰማኋቸው። ምን ብዬ ላስነሣ? ነዶውን ሲፈቱት ግን ሮጥኩ። 'ልጆቼ፣ እህል ነው' አልኩ። አንዱ 'እማማ፣ ጠዋት መልሰን እንከምረዋለን' አለኝ። አሁን የተበተነ ነዶ ተመልሶ ይከመራል?»

ወስደው አሳዩኝ። ልቅልቁ ተሰነጣጥቋል፤ የድንኳን ካስማ የተመታበት ቀዳዳ በዙሪያው አለ። ከሦስቱ ክምር አንዱ የነበረበት ቦታ ጥቁር ክብ ሆኗል። የእቃ ማጠቢያ ውሃ በደፉበት በኩል ደግሞ የረገፈው ገብስ በስንጥቁ ውስጥ በቅሏል፤ ጣት የሚያህል አረንጓዴ። በጥር፣ አውድማ ላይ የበቀለ እህል አይቼ አላውቅም። ጫማዬን አውልቄ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር።

እዚያው ሆኜ ጌታነህ ጋ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ለእማማ ያዝኩላቸው።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉን። ገለባ መስሎን ነው።»

«ገለባ ፍሬ አለው ልጄ? ዓይንህን አሞህ ነበር?»

«ብር አዋጥተን እንልካለን።»

«ብሩን መሬት ላይ ልዝራው?» አሉ፤ ራሳቸው ሳቁበት። «ይቅር ብያለሁ። ለሚበላውስ የሰፈሩ ሰው ከየጎተራው እየሰፈረ ሰጥቶኛል። የቸገረኝ ሌላ ነው።»

የቸገራቸውን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነገሩኝ። ከአውድማው ጥግ በቆመ ምሰሶ ላይ፣ ለብቻው ያሰሩት ጥቁር ገብስ ነበር። ከማሳው ሁሉ ዛላው የወፈረውን እየመረጡ በእጃቸው የለቀሙት፣ የከርሞ ዘር። ከአማታቸው የወረሱት ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውርጭ የማይገድለው እሱ ብቻ ነው። ከገበያ የሚገዛውን ነጩን ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለቱንም ጊዜ ውርጭ በላባቸው። ጎረቤቶቹም ጥቁሩን ከተዉት ቆይተዋል።

«እሱም ተቃጠለ?» አልኩ።

«አልተቃጠለም። ወሰዱት።»

«ማን ወሰደው?»

«ሲሄዱ አንዷ፣ 'እማማ፣ ይኼን የመሰለ ዛላ! ለበረከት ልውሰድ?' አለችኝ። በላሊበላ ምድር ሆኜ በረከት ያለኝን ሰው እንዴት እከለክላለሁ? ውሰጂ አልኩ። አንድ ትወስዳለች ብዬ ነው። ሌሎቹም መጡ። እየመዘዙ፣ እየመዘዙ፣ ማሰሪያው ባዶውን ቀረ።»

በሰኔ የሚዘሩት የላቸውም። አንድ መደብ መሬት የሚሞላ ዘር ካገኙ በቂ ነው ይላሉ፤ እሱ ለከርሞ ይባዛል። ካላገኙ ያ መሬት ጦም ያድራል፤ እኩል አራሹም ሌላ ቤት ይሄዳል።

ማክሰኞ፣ ጅቡቲ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ከመኪናው ወርጄ ቤቴ ሳልገባ ከማኅበራችን አንዷ እህት ቤት ሄድኩ። ሥዕለ አድኅኖዋ ላይ፣ ከመጋረጃው በላይ፣ ሰባት ዛላ ጥቁር ገብስ በነጭ ክር ታስሮ ተሰቅሏል። ታሪኩን ነገርኳት፤ እያለቀሰች ሰማችኝ። ከዚያ፣ «በረከት ግን ይመለሳል እንዴ?» አለችኝ፤ ሳትሰጠኝ ቀረች።  ከእማማ ጥሩዬ እጅ ዘር ወስደን በረከት አገኘን ካልን፣ እሳቸው ምን አገኙ?

ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ። ማን ነዶ እንደፈታ፣ ማን እሳት እንዳነደደ አልጠይቅም፤ እሱን ለንስሐ አባቶቻችሁ ንገሩ። የወሰዳችሁትን ዛላ ብቻ ከሰቀላችሁበት አውርዱ። እንዳትቆሉት፣ ጠበል እንዳታርከፈክፉበት። በላስቲክ አትቋጥሩት፣ በዚህ ሙቀት ያልበዋል፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ፀሐይ ከማይነካው ቦታ አኑሩት። የረገፈ ፍሬ ካለ ከወለሉ ላይ ልቀሙት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኪዳን በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ እቆማለሁ። እስከ ግንቦት ልደታ ያገኘሁትን ራሴ ይዤ እወጣለሁ። የሰባቱ ዛላ ባለቤት እህቴ፣ አንቺንም ጭምር ነው የምለምነው።