ደመና የሌለበት ቀን

ዛሬ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአፓርትመንታችን ሥር ያለው ሱቅ የብረት መዝጊያውን ሲያነሳ፣ ድምፁ ደቡብ አፍሪካ ያደግኩባትን ከተማ አመጣብኝ። እዚያ በሙቀቱ ወራት፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የሱቃችንን ቆርቆሮ ሲደበድበው አባባ ደስ ይላቸው ነበር። ብርዱ ሲገባ ግን ዝናቡ ይቆማል፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ የተቃጠለ ሣር ይሸታል።

እንዲህ ባለ አንድ ቀን አባባ ሰማዩን አይተው መዝጊያውን አወረዱት።

«ለምን ይዘጋል?» አልኳቸው።

«ዝናብ ቢኖር ሰው ቤቱ ይቀመጥ ነበር» አሉ፣ ከውስጥ እየቆለፉ።

ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ ዘፈንና ጭብጨባ ሰማሁ። ሰርግ መሰለኝ። እልል ልል ስል አባባ አፌን በመዳፋቸው ያዙት። «የውጭ ሰዎች ይውጡ!» የሚል ጩኸት መጣ፤ የጎረቤታችን የሶማሌው ሱቅ መስታወት ሲረግፍ ተሰማ።

«ማሚ፣ ዝናብ የለም እኮ፣ ፓርክ እንሂድ» አለችኝ ዛሬ፣ እዚህ አፓርትመንታችን ውስጥ፣ ልጄ።

ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። እጄን ከበሩ ቁልፍ ላይ ማንሳት አቃተኝ።