አራት ክንድ በአራት ክንድ

ከቤታችን ረዥም ክንድ ያለኝ እኔ ነኝ። መካነ ሰላም ገበያ አቡጀዲ ሊገዙ ሲወጡ አባቴ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ጨርቅ በክንድ ነው የሚለካው፤ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ። ገዢ የራሱን ለኪ ይዞ ይመጣል። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «ይሄን ሎጋ ይዛችሁ አትምጡብን!» ብለው ይጮሃሉ። እኔ እኮራለሁ። ሌላ የምኮራበት ብዙም አልነበረኝም፤ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ።

እህቴ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ተመልሳ የምትተኛበትን አልጋ ገና እዚያ ሳለች እኛው ከተማ አናጢ ዘንድ አሠራች። ትልቅ አልጋ ነው። በበሩ አልገባ ብሎ መቃኑ ተነቅሎ ነው የገባው። አንሶላውን ግን ከዚያው ልትገዛ ፈለገች። ደወለችልኝ።

«ወንድምዓለም፣ አልጋውን ለካልኝ። ከአናጢው ሜትር ተዋስ።»

አናጢው ከቤታችን ጀርባ ነው። አልሄድኩም። ኳስ ልናይ ጓደኞቼ ደጅ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። በክንዴ ለካሁና መልሳ ስትደውል፣ «አራት ክንድ በአራት ክንድ» አልኳት።

«በማን ክንድ?»

«በሰው ክንድ ነዋ! በበግ ክንድ ይለካል እንዴ?»

ሳቀች። ማጠፊያውን ራሷ እንደምትጨምር ነገረችኝ። አንሶላው ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር መግባት አለበት አለች። የማዳሟን አልጋ በየቀኑ የምታነጥፈው እሷ ናት፤ እጥፋቱ ትንሽ ከላላ ሴትየዋ ጎትታ ታፈርሰውና እንደገና ታስነጥፋታለች። እህቴ ራሷ የምትተኛው ልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ፣ መሬት ላይ ነው። እንደዚያ ያለ አንሶላ ላይ አንድ ቀን ብተኛ፣ አለችኝ። ከተልባ አገዳ ከሚወጣ ጭረት የተሠራ ነው፤ ገላ ያቀዘቅዛል።

«ተልባ? እኛ በጥብጠን የምንጠጣውን? ዐረብ አገር ሄደሽ የተማርሽው አልጋ ማንጠፍ ብቻ ነው?»

«አብሽር፣ ደህና ሁን» ብላ ዘጋች።

ስትመለስ ታማ ነበር። ኩላሊቷ ነው አሉ። አንሶላው ከሻንጣዋ ከላይ ተቀምጧል፤ ነጭ፣ ከበድ ያለ። አብረን አነጠፍነው። ከጠርዝ ጠርዝ ደረሰና ቆመ። የሚታጠፍ አልተረፈውም። ሱቅ ውስጥ ዘርግታ በራሷ ክንድ ለክታ ነበር። እህቴ አጭር ናት። ነበረች።

አክስቴ በር ላይ ቆመው ያያሉ። የአባቴ እህት ናቸው፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዙት እሳቸው ናቸው።

«ይኸን ሁሉ ዓመት ዐረብ አገር ኖረሽ አልጋሽን የሚያለብስ አጣሽ?»

እህቴ አየችኝ። «እኔ ነኝ አክስቴ፣ በደንብ ያልለካሁት» አለቻቸው።

እኔ ጎንበስ ብዬ ትራሱን አስተካከልኩ።

ስትገላበጥ አንሶላው ይሸሻል። ጠዋት ስገባ ከሥሯ ተጠቅልሎ፣ በላብ የራሰ ጀርባዋ ስፖንጁ ላይ ተጣብቆ አገኛታለሁ። ቆዳዋ መላጥ ጀመረ።

«ልብስ ሰፊው ዙሪያውን አቡጀዲ ቢቀጥልበት ይበቃል» አለችኝ። «ውሰድልኝ።»

«ነገ» አልኳት። አንሶላ ተሸክሜ በገበያው መሀል ማለፍ አፍሬ ነው። በማግስቱም «ነገ» አልኩ። ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላስታውስም… አይ፣ አስታውሳለሁ። ዘጠኝ ጊዜ። በአሥረኛው ቀን ሞተች።

የከፈኑ ጨርቅ ሊገዛ አባቴ ጠሩኝ።

«ና። ባንተ ክንድ ይለካ፤ እንዳያጥራት።»

ነጋዴው ያን ቀን አልጮኸም። አጎንብሼ ለካሁ። አባቴ ይበቃል ሲሉኝ ሁለት ክንድ ጨመርኩ።

ሴቶቹ አጥበው፣ ከፍነው ሲጨርሱ አክስቴ የተረፈውን ጨርቅ ይዘው ወጡ። ጭኔ ላይ ወረወሩልኝ።

«እንካ። ለዚህስ ክንድህ አላጠረም።»

ለካ አልጋውን የለካሁት እኔ እንደሆንኩ ያውቁ ኖሯል።

ከቀብር ስንመለስ ለቅሶው ቤት አልገባሁም፤ ወደ አናጢው ዞርኩ። ሜትሩን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። መንገዱ ውሻ ጮኾ ሳይጨርስ የሚያልቅ ነው። ገብቼ አልጋውን ለካሁ። ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ የፍራሹን ውፍረት። በትክክል ለካሁት። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ቀና ስል አክስቴ በሩ ላይ ናቸው።

«ምን ትለካለህ?»

«አልጋውን።»

«ለማን?»