ግራፊክስ ካርዱና አከራዬ

የማስተምረው ሞላሌ በምትባል የደጋ ከተማ ነው፤ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። አከራዬ እትዬ አስካለ ደግሞ "በቤቴ ስቶቭ አይሰካም፤ የሰካ ዕቃውን ይዞ ይወጣል" የሚሉ ሴት ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ለአሮጌው ኮምፒውተሬ የጌም ምስል የሚያፈጥን ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ገዝቼ፣ ኃይል የሚያቀብለው ፓወር ሰፕላይም ጨምሬ ገጠምኩለትና የጦርነት ጌም ከፈትኩ። የካርዱ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ሲጀምር እትዬ አስካለ በሩን በርግደው ገቡ።

"ስቶቭ ሰክተሃል!"

"ኧረ ኮምፒውተር ነው፣ እትዬ!"

እጃቸውን ከኮምፒውተሩ ሳጥን ኋላ ሰደዱ። የሚወጣው አየር ትኩስ ነው።

"ኮምፒውተር እንዲህ ይግላል? መምህር ሆነህ ትዋሻለህ?"

እንዲያምኑኝ ጌሙን ሳሳያቸው ጭራሽ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ወታደሮቼ ያልቃሉ። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወደ ሳጥኑ ዘረጉ። እኔ በሐሳቤ ዕቃዬን እየሸከፍኩ ነው፤ አሁን የት ሄጄ ቤት እፈልጋለሁ? ቁጣቸው ይብረድ ብዬ ኮምፒውተሩን ድርግም አደረግኩት።

እትዬ አስካለ ብድግ አሉ።

"ምን ነካህ? ጦርነቱን መልሰህ አቀጣጥለው እንጂ! ገና ግራ እግሬ አልሞቀም!"