ሽማግሌው ዳኛ የተነሱ ዕለት

ነጎድጓድ እያሉ የሚጠሩት ሰው ቁመቱ አጭር ነው። ድምፁን ሰምቶ ዞር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከእሱ ጭንቅላት በላይ ያለውን ግድግዳ ነው፤ ቀጥሎ ዝቅ ብሎ ሲያገኘው «ያ ሁሉ ከዚህ ነው የወጣው?» ብሎ ይገረማል። ልብስ ሰፊ ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቀስ ብለህ አውራ፤ ጎረቤት የምንጣላ ይመስለዋል» ትለዋለች። እሱ እኮ ጨው አቀብዪኝ ነው ያላት።

ሥራው በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ችሎት ማስከበር ነው። ዳኞቹ ሊገቡ ሲሉ ከኋላው በር አጠገብ ቆሞ «ተነሱ!» ይላል። አዳራሹ እንዳለ ብድግ ይላል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል፤ ዳኞቹ ወንበራቸውን ይዘው «ተቀመጡ!» እስኪባል ድረስ ቀና የሚል የለም። የትም አልተጻፈም፤ የቤቱ ልማድ ነው። ሚኒስትርም ይሁን ኪስ አውላቂ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለአፍታ የገዛ ጫማውን ጫፍ ይመለከታል።

ለዚህ ሥራ ያበቃው ጉሮሮው ነው። በወጣትነቱ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር። አንድ ጊዜ ለምስክርነት ቀርቦ ስሙ ሲጠራ «አቤት!» ቢል የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፣ ያኔ ፀጉራቸው ገና ጥቁር ነበር፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩትና «ይህን ድምፅ ለአውቶቡስ ብቻ ማን ፈቀደለት?» አሉ። በዚያው ቀረ። እሱ እዚያው በር አጠገብ ልጆች አሳደገ፤ እሳቸውም እዚያው ወንበር ላይ ሸመገሉ።

አንድ ጠዋት ሽማግሌው ዳኛ ከኋላው በር ሲደርሱ ቆም አሉ። ካባቸውን ጨብጠው፣ «ልጄ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አሉት፤ ሕፃን ልጅ ውሃ ጠማኝ እንደሚለው፣ እንዲሁ በቀላሉ። ነጎድጓድ ክው አለ። እኒህ ሰው ይደክማቸዋል ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ተራራ ይደክመዋል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ግን ሰዓቱ ደርሷል። «ተነሱ!» አለ። አንገት ሁሉ ሲደፋ በግራ በኩል ትከሻውን ከብብታቸው ሥር ከተተ። አጭርነቱ ለዚህ ተብሎ የተለካ ይመስል ልክክ አለ። ደረጃውን አወጣቸው፤ አስቀመጣቸው፤ ወደ ቦታው ተመልሶ «ተቀመጡ!» አለ። ማንም አላየም አለ በልቡ። ሌሎቹ ዳኞች ቀድመው ነው የሚገቡት፤ ዞር አይሉም። ከዚያ ወዲህ ችሎት በዋለ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ኮሚሽኑ መቋቋሙን የሰማው ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ማሻሻያ የሚያጠና የባለሙያዎች ኮሚሽን ተቋቋመ አለ ሬዲዮው። የዳኞቹን ብዛት ይመረምራል፤ አሿሿማቸውን ይመረምራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዳኞች ዕድሜ ልካቸውን ይቀመጡ ወይስ በጊዜያቸው ጡረታ ይውጡ የሚለውን።

«እናንተን ሊያፈርሷችሁ ነው» አለ ፀጉር ቆራጩ።

«ጥናት ነው የተባለው። ጥናት ምን ያፈርሳል?»

«የድሮ ሱቄንም እኮ መጀመሪያ ሜትር ይዘው መጥተው አጠኑት። ኧረ አትንቀጥቀጥ ወንድሜ፣ ምላጭ ይዣለሁ!»

ሽማግሌው ዳኛ ግን አልደነገጡም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መጠየቅ ነበረበት» አሉ። «የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጉልበቴን ካዩ ጥያቄውን ትተው እኔን ነው የሚያጠኑት። ለሚመጡት ሁሉ የሚሆን ሕግ በአንድ ሽማግሌ እግር ተለክቶ መሰፋት የለበትም። ሥራቸውን ሲጨርሱ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ አደራህን።»

«በእኔ ይሁንብዎ፣ ክቡርነትዎ» አለ ነጎድጓድ።

የኮሚሽኑ ቢሮ ገና ቀለሙ ስላልደረቀ የመክፈቻው ስብሰባ በችሎቱ አዳራሽ ሆነ። ዳኞቹ በእንግድነት ፊተኛው ረድፍ ላይ እንዲቀመጡ ተጋበዙ። ሰብሳቢዋ ድሮ በዚሁ ችሎት ስትከራከር የኖረች የሕግ መምህርት ናት፤ በዋዜማው መጥታ አዳራሹን አየችና ነጎድጓድን ጠራችው።

«ጋሼ፣ እኛ አጥኚዎች ነን እንጂ ዳኞች አይደለንም። ነገ ለእኛ ማንም እንዳይነሳ።»

«እንዴ! ዝም ብላችሁ ልትገቡ?»

«ዝም ብለን። እንደ ሰው።»

ሊስማት ምንም አልቀረው። መነሳት የሌለበት ስብሰባ! በማግስቱ አዳራሹ ለሰው ሳይከፈት ሽማግሌውን አስገብቶ፣ ፊተኛው ረድፍ ዳር ላይ አስቀመጣቸው። ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ሊያወጣቸው ተነጋገሩ።

አዳራሹ በጠበቆች፣ በተማሪዎችና በጋዜጠኞች ሞላ። ነጎድጓድ ከኋላው በር አጠገብ ቆመ፤ ሌላ የት ይቆማል? እጀታው ቀጭ አለ፤ ማጠፊያው ሲጥ አለ፤ ሰብሳቢዋ እግሯን አስገባች። አፉ ቀደመው።

«ተነሱ!»

የገዛ ድምፁን የሰማው ከሁሉም ሰው ኋላ ነው። እጁን አፉ ላይ ጫነ። አዳራሹ ግን ብድግ ብሏል። ዳኞቹም ጭምር! ሲነሳላቸው የኖሩት ሰዎች እንደ ተማሪ ተነስተው ቆመዋል። ሽማግሌው ተቀምጠው ቢቀሩ ማንም ክፉ ባልተናገረ፤ እሳቸው ግን ሌላውን ሲያስነሱ ኖረው፣ ተነሱ ሲባሉ የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። የወንበሩን መደገፊያ ጨበጡ። ወገባቸው ከፍ አለ። ለአንድ ቅጽበት ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ካባ ከማንጠልጠያው ላይ ሸርተት ብሎ እንደሚወርድ፣ እጥፍ ብለው ወለሉ ላይ አረፉ።

ነጎድጓድ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት በቀኝ በኩል ገብቶ ሊያነሳቸው ሲታገል፣ ከጀርባው ሹክሹክታ ሰማ።

«በግራ ነው እኮ የምትይዛቸው።»

አንድ አንጋፋ ጠበቃ ነው። ነጎድጓድ ቀና ብሎ አየው። ጠበቃው አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ይመለከታል። ከጎኑ ያለችውም እንዲሁ። ዳኞቹም። በሩ ላይ የቆመችው ሰብሳቢም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እሱን የሚያይ አንድ ዓይን የለም።

«ቀስ በል፣ አንቸኩልም» አለች አንዷ፣ እንዳቀረቀረች።

ያውቃሉ። ሁሉም ያውቃሉ። ለብቻው ደበቅሁት ያለውን አብረውት ሲደብቁ ኖረዋል።

በግራ ዞሮ አነሳቸው። ሽማግሌውም ሰምተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ቀና በሉ» አሉ። ማንም አልሰማቸውም። «ቀና በሉ አልኩ!»

አንገቶቹ አንድ በአንድ ተነሱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ፣ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ክቡርነትዎ» አለች። «ያን ዕለት ተከራካሪ ነበርኩ። እርምጃዎ የሁለት ሰው ሆኖ ተሰማን፤ ካቀረቀርንበት በዓይናችን ጠርዝ አየን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ስለምናከብርዎት…» አለችና፣ ቃሉ ለራሷም እንደጎመዘዛት ሁሉ ፊቷን አጨማደደች።

ሽማግሌው የምስክሮቹን መቀመጫ በአገጫቸው አሳዩት። «እዚያ ውሰደኝ።»

በሰው ሁሉ ዓይን ፊት ወሰዳቸው። ሰው እያየው እንዴት እንደሚራመድ ጠፋው፤ እግሩ የሰው እግር መሰለው። «ክቡርነትዎ፣ አፌ ነው፤ አፌ ገደለዎት» አለ።

«ዝም በል፣ እየተራመድኩ ነው።»

እሳቸው ከተቀመጡ በኋላ አዳራሹም ቁጭ አለ፤ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ተናገሩ። «ጉልበቴ ሥራ ካቆመ ቆየ። ጭንቅላቴ ግን ምላጭ ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ዳኛ አእምሮው እስካለ ድረስ ዕድሜ ልኩን ይቀመጥ፤ በቃኝ የሚልበትን ቀን ራሱ ያውቀዋል ብዬ ልከራከራችሁ ተዘጋጅቼ ነበር።» ዓይናቸውን በአዳራሹ ላይ አዞሩ። «ይህ ሁሉ ሰው እንደሚያውቅ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም። አፍንጫዬ ሥር ያለውን! ሌላስ ስንት ነገር ሳላይ ፈርጄ ይሆን? ጻፉት። ያን ቀን ራሱ ያውቀዋል ያልኩት ስህተት ነው። ዳኛው አያውቀውም።»

ነጎድጓድ ወደ ኋላ ሲል ያገኘው ባዶ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። የሽማግሌው ወንበር ነበር፣ በዳኞቹ ረድፍ። ደንግጦ ሊነሳ ሲል ከአጠገቡ ያለችው ዳኛ የካባዋን ጫፍ ሰብስባ ቦታ ለቀቀችለት። ሰብሳቢዋ የኮሚሽኑን የመጀመሪያ ጥያቄ ስትጠይቅ፣ እሱ ገና አፉን አልገጠመም።