የማንኪራው ዛፍ ድምፅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጊታሬ ተበላሽቷል ተብዬ ልመለስ ነበር። የቦንጋው የሙዚቃ ቡድናችን ኃላፊ ጋሽ ወልዴ፣ ድምፅ የሚያሻክረውን የዲስቶርሽን ፔዳሌን ስረግጥ ጆሯቸውን ያዙ።

"ሆን ብለህ ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"በል ሰርግ ላይ እንዳትደግመው።"

አልደገምኩትም። ሰርግ ላይ የታዘዝኩትን እየተጫወትኩ፣ በትርፍ ጊዜዬ የራሴን ሮክ እሠራ ነበር። የጊታሬ ክሮች መሃል የጃንጥላ ሽቦ ሰክቼ አምፕሊፋየሩን አስጮኻለሁ። አድማጮቼ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

አዲስ ድምፅ ፍለጋ ማንኪራ ጫካ ወረድኩ። እዚያ ጋሽ ገብሬ የሚባሉ ንብ አናቢ ቀፏቸውን ትልቅ ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ቀፎው ያለበት ቅርንጫፍ ላይ ትንሽ ማይክ እንዲያስሩልኝ ለመንኳቸው።

"አስራለሁ" አሉ። "ጆሮዬ ግን ደክሟል። አንተ የድምፅ ሰው ነህ፤ ዛፉን ስማልኝ።"

በየሳምንቱ እየሄድኩ ቀዳሁ። ከንቦቹ ጩኸት ሥር አንድ ማቃሰት ነበር፤ በሄድኩ ቁጥር እየወፈረ ሄደ። እሱን ለመከተል ወፍራሙን ክር አላላሁት። ፀጉሬ ይቆማል፣ ደስም ይለኛል።

"እንዴት ነው?" ይሉኛል፣ ለመውጣት ሲዘጋጁ።

"ግሩም ነው፣ ጋሼ!"

ይወጣሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ቦንጋ አዳራሽ ውስጥ ቅጂውን ከፍቼ በላዩ ተጫወትኩ። የጋበዝኳቸው የጋሽ ገብሬ ባለቤት እትዬ አስካለ ከፊት ወንበር ተነሡ።

"ልጄ፣ ይሄ የኛ ዛፍ ነው?"

"አዎ።"

"እየተሰነጠቀ እኮ ነው! ሽማግሌው ዛሬ ቀፎ ሊያዩ ይወጣሉ!"

በሞተር ይዣቸው ወረድኩ። ጫካው በጭጋግ ተሸፍኗል። ከሩቅ ንቦቹ ተሰሙኝ፤ ድምፃቸው የሚመጣው ግን ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነበር።

ጋሽ ገብሬን በሕይወት አገኘናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዛፍ አልወጡም።

ልጠይቃቸው ስሄድ ቅጂውን አሰማኝ አሉ። ማዳመጫውን አጥልቄላቸው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"ዛፉ ነግሮህ ነበር እኮ" አሉኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያንን ሙዚቃ ዳግመኛ አልተጫወትኩትም።

ጊታር ለምትይዙ ወጣቶች የምነግራችሁ ይህን ነው፦ የማታውቁትን ድምፅ ስትቀዱ፣ ግሩም ነው ከማለታችሁ በፊት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።