ኤቢሴ ያየችው በረዶ

ዲበኩሉ አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። የሰሜን ዋልታን ባሕር ግን ከመጽሐፍ ሥዕል በቀር አይቶት አያውቅም። መቂ ከተማ አብረው ሲማሩ ሁልጊዜ ሁለተኛ ትወጣ የነበረችው ኤቢሴ አምና ከተመራማሪ ባልደረቦቿ ጋር በመርከብ እዚያው ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ወሬውን የሰማ ዕለት ምሳው አልዋጥለት አለ።

"አንደኛ እኔ ነበርኩ እኮ!" አላት ሚስቱን ፋናን።

"ታዲያ ይሄ ፈተና ነው?" አለችው።

ባለፈው ግንቦት ርዕሰ መምህሩ ኤቢሴን ለተማሪዎቹ ንግግር እንድታደርግ ጋበዛት። ዲበኩሉ ከኋላ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። የባሕሩ በረዶ እየሳሳ መሄዱ የምድርን ሙቀት እንዴት እንደሚያባብስ በእንግሊዝኛ ቃላት እያጀበች አብራራች። ተማሪው ግራ ገባው። ዲበኩሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለው።

ያኔ ሀሴት የምትባል ተማሪ ተነስታ ወደ እሱ ዞረች። "ቲቸር፣ አልገባንም። እርስዎ ያስረዱን።"

"እንግዳዋን ጠይቂ" ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ሲል ግን ኤቢሴ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ተነሳ።

"ሁላችሁም ውጡ!"

ግቢው በቀትር ፀሐይ ይነድዳል። መጀመሪያ ነጭ የተቀባውን ግንብ፣ ቀጥሎ አስፋልቱን በእጃቸው አስነካቸው። አስፋልቱ ላይ ሁሉም እጁን መንጭቆ አነሳ።

"ግንቡ ፀሐይዋን ይመልሳታል፣ አስፋልቱ ይውጣታል" አላቸው። "በረዶው እንደ ግንቡ ነው። ሲቀልጥ ጥቁሩ ባሕር ይገለጣል፤ ሙቀቱን ይውጣል፤ የሞቀው ባሕር ደግሞ የተረፈውን በረዶ ያቀልጣል።"

"የእኛንስ ዝናብ ያስቀረዋል?" አለች ሀሴት።

ዲበኩሉ ይህን አያውቅም። "እሷን ጠይቁ" አለ እየከበደው።

"የእኛን ዝናብ ይበልጥ የሚወስኑት ሞቃታማዎቹ ውቅያኖሶች ናቸው" አለች ኤቢሴ። "ግን ነፋሱም የባሕሩ ጅረትም የሚንቀሳቀሱት በዋልታና በምድር ወገብ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲዛባ መዘዙ ለእኛ ምን ያህል እንደሚተርፍ ገና እያጠናን ነው።"

በር ድረስ ሸኛት። "ቀንቼብሻለሁ" አላት።

"አውቃለሁ። ስናገር ፊትህን አይቼዋለሁ" ብላ ሳቀች። "ከጭንቅ ስላወጣኸኝ ግን ገለቶሚ" አለችው በኦሮምኛ ስታመሰግነው።

እሱ አልሳቀም። "መርከቡ በረዶውን ሲሰነጥቀው ምን ዓይነት ድምፅ አለው?"

ያስቆመችውን ባጃጅ አሰናብታ ትነግረው ጀመር። በነገረችው ቁጥር ይብስ ይቀና ነበር፤ ዝም ስትል ደግሞ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላታል።