ሉድቪካ ዛሬምባና የዓርቡ ጠረጴዛዎች

ሉድቪካ ዛሬምባ በካልቨርና ቮስ መደብር ሻጭ ሆና በተቀጠረች በመጀመሪያው ወር የባርኔጣ መርፌ ክንዷ ላይ ተሰካባት። የወጋቻት ገዢ ይቅርታ እንኳ አላለችም፤ በግራ እጇ የጨመደደችውን ሸሚዝ ሳትለቅ ረጅሙን መርፌ መዘዝ አድርጋ ባርኔጣዋ ላይ መልሳ ሰካችና ልትከፍል ሄደች። ሉድቪካ ቁስሉን በመሐረብ አስራ ስትሸጥ ዋለች። በአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ፣ በዓርብ ቅናሽ ግፊያ፣ ይህ ብርቅ አልነበረም።

ያ ሁሉ ግፊያ ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ቀደም ሲል አንዲት ሴት ጨርቅ ገዝታ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ፣ ተለክታ፣ ሳምንታት ጠብቃ ነበር የምትለብሰው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ግን ኮትና ጉርዱ ተሰፍቶ አልቆ መደብር ውስጥ ተሰቅሏል፤ ዛሬ ገዝታ ነገ ለብሳው ትወጣለች። ታዲያ በልኳ ያልተሰፋን ልብስ «ይሄ የኔ ነው» እንድትል ምን ያደርጋታል? የጋዜጣው ሥዕል! ፎቶግራፍ ጋዜጣ ላይ ሲታተም ጭቃ ይመስል ስለነበር መደብሮቹ ሠዓሊ ይቀጥሩ ነበር። ሉድቪካም በእቃ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ስትሞነጫጭር ታይታ ከባንኮኒው ወደ ማስታወቂያ ክፍል የወጣችው ለዚህ ነው።

የእሷን ሥዕል ከሌሎቹ የሚለየው እጅጌው ነው። ባንኮኒ ላይ ቆማ ሳለች አንድ ነገር አስተውላለች፤ ገዢ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት እጅጌውን ታነሳለች፣ ጫፉን ትገለብጣለች፣ ስፌቱን ትዳብሳለች። ስለዚህ ሉድቪካ የምትስላቸው ሴቶች አንዷ ጓንቷን ስታጠልቅ፣ ሌላዋ ባርኔጣዋን ስታቃና፣ ሁልጊዜ ክንዳቸው ከፍ ብሎ እጅጌው ለዓይን የቀረበ ነበር። ጋዜጣውን የያዘችው ሴት በጣቷ ልትዳብሰው ምንም አይቀራት።

ታናሽ እህቷ ሃንካ ግን አሁንም እዚያው መደብር ውስጥ ሻጭ ናት፤ ዓርብ ዓርብ የምትቆመው አራቱ ጠረጴዛዎች መሃል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት ረጃጅም ጠረጴዛዎች አራት ማዕዘን ሠርተው ይገጠማሉ፤ ልብሱ ከላይ ይከመራል፤ ሻጯ ከጠረጴዛ ሥር ሾልካ መሃል ትገባለች። አንዲት ልጅ በአራቱም አቅጣጫ ትሸጣለች፤ ከጀርባዋ ገብቶ የሚሰርቅም የለም። ብልሃት ነው። ነገር ግን ጠረጴዛዎቹ ከወለሉ ጋር አልታሰሩም፤ ሰው ሲገፋቸው ወደ ውስጥ ይጠጋሉ። የእንጨቱ ወለል ላይ እግራቸው ስለሚነክስ ብዙ አይሄዱም፤ በሩ አጠገብ ያለው እብነ በረድ ላይ ግን ዝም ብለው ይንሸራተታሉ።

የወለሉ አለቃ ሚስተር ፕሬንቲስ ለዚያ ዓርብ ጠረጴዛዎቹ በሩ አጠገብ እንዲሆኑ አዘዘ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሃንካ ቋሊማዋን በዳቦ ይዛ ማስታወቂያ ክፍል ብቅ አለች። ሥዕሉን በእህቷ ትከሻ አሻግራ አየችው።

«ኧረ ሉድቪካ፣ በእናትሽ ትንሽ አስቀይሚው።»

«ምኑን?»

«ልብሱን ነዋ! እንዲህ አሳምረሽው ነገ ከተማው ሁሉ እኔ ላይ ሲወድቅ፣ አንቺ እዚህ ቀለም ታማስያለሽ።»

«ማስቀየም አልችልበትም።»

«እንግዲያው ሬሳዬን ስትስይ እጅጌዬን እንዳትረሺ።»

ሉድቪካ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን ብዕሯን አስቀምጣ ወደ ፕሬንቲስ ወረደች።

«ሚስተር ፕሬንቲስ፣ ጠረጴዛዎቹ እብነ በረዱ ላይ ይንሸራተታሉ። እባክዎ ወደ እንጨቱ ወለል ያስመልሷቸው። ልጅቷን ይፈጯታል።»

«ሚስ ዛሬምባ፣ ከመንገድ ላይ ሆነው በመስታወቱ ሲያዩ ምን እንደሚታይ ታውቂያለሽ?»

«ግፊያ።»

«ግፊያ! ግፊያ ያየ ደግሞ ይገባል። አንቺ በወረቀት አስተዋውቂ፤ እኔ በሰው አስተዋውቃለሁ።»

«መሃል የምትቆመው እህቴ ናት።»

«ቀጭን አይደለች? ቦታው ይበቃታል» ብሎ ጥሏት ሄደ።

ሉድቪካ ተመልሳ ሥዕሉን ጨረሰች። ከዚያ የተሻለ እጅጌ ስላ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት በሩ ሲከፈት ዘበኛው ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ሉድቪካ ከደረጃው አጋማሽ ሆና ታያለች። አንዷ የሌላዋን ፀጉር ይዛ ስትጎትት ሰው ሠራሹ ጉንጉን እጇ ላይ ቀረ፤ ወርውራው እንደገና ያዘች፤ ሁለተኛው ከነቆዳው የሚመጣ የራስ ፀጉር ነበር። አንዲት ግዙፍ ሴትዮ የአንድ ኮት እጅጌ ይዛለች፣ ተቀናቃኟ ደግሞ ሌላኛውን፤ ኮቱ ከጀርባው ተተረተረና ሁለቱም የየድርሻቸውን እንደያዙ በጥፊ ተያያዙ።

«ልቀቂ አንቺ ከብት!»

«ከብትስ አንቺ! ቀድሜ ነው የያዝኩት!»

ክርን አፍንጫ ሰበረ። የባርኔጣ መርፌ ጉንጭ በሳ። ደም ሰማያዊው ሱፍ ላይ ይንጠባጠባል፤ ደም የነካውንም ቢሆን የሚለቅ አልነበረም።

ጠረጴዛዎቹ መንሸራተት ጀመሩ። የፊተኛው ሃንካን ሆዷ ላይ ያዛት፤ የኋለኛው ወገቧ ላይ መጣባት። በሥር ልትሾልክ ብትል ጉልበቷን የምታጥፍበት ቦታ አጣች። አፏ ይከፈታል፤ ድምፅ አይወጣም። ፕሬንቲስ በመስታወቱ ውጭ ውጭውን እያየ ፈገግ ብሏል።

ሉድቪካ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ልትደርስላት አትችልም። ይህን ሕዝብ ምን እንደጠራው ግን ታውቃለች። እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ ጮኸች፦

«ሦስተኛ ፎቅ! ያው ልብስ በግማሽ ዋጋ! ሦስተኛ ፎቅ!»

ሕዝቡ ዞረ። ደረጃውን ሲወጣ ሉድቪካን ከመደገፊያው ብረት ጋር አጋጭቶ ከንፈሯን ሰነጠቀው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምንም አልነበረም። ሴቶቹ የአሳንሰሩን ፍርግርግ ነቀሉ፤ የአንዲት አሮጊት መንጋጋ ተሰበረ። ሉድቪካ ይህን የሰማችው ቆይታ ነው፤ ያን ጊዜ ጠረጴዛውን ገፍታ ሃንካን ከመሬት ታነሳ ነበር። ሃንካ በተነፈሰች ቁጥር ጎኗ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል።

ሰኞ ፕሬንቲስ እጁን እያፋተገ መጣ፤ ጋዜጦቹ ስለ ግፊያው በነፃ ጽፈውለታል።

«ያቺ ጩኸትሽ ደግሞ! ዓርብም እንደግማታለን። አሁን ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምር የሚሸጥ ነገር እናደርጋለን።»

«ጠረጴዛዎቹስ?»

«እዚያው ናቸው። መሃል ሌላዋን ሻጭ ኖሪንን አቆማለሁ፤ እሷም ቀጭን ናት።»

ሉድቪካ ብዕሯን ጠረገች፣ የቀለሙን ጠርሙስ ከደነች። ወርዳ ለእሳት አደጋ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን መጥረቢያ አነሳች፤ ገዢና ሻጭ እያየ የመጀመሪያውን ጠረጴዛ እግር መታችው። ጠረጴዛው ከነሸቀጡ ተንበረከከ። ስንጥሩ ፊቷን ቧጠጠው፤ አላቆመችም። ፕሬንቲስ እየሮጠ ሲመጣ መጥረቢያውን ወደ እሱ አዞረች።

«ይግቡ መሃል! እርስዎም ወፍራም አይደሉም፤ ይግቡ!»

ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የሸሚዝ ክምር ላይ በጀርባው ወደቀ። ሻጮቹ ልጆች ቆመው አዩት፤ አንዲትም አላነሳችውም።

ፖሊስ ወሰዳት፤ ከሥራም ተባረረች። ዋናው ጎዳና ላይ ካሉት መደብሮች አንድም አልቀጠራትም። ኋላ ቺካጎ ውስጥ ልብስ በፖስታ የሚልክ ድርጅት ወሰዳትና እስክታረጅ ለካታሎግ እጅጌ ስትስል ኖረች፤ ገዢዎቿ በየእርሻ ቤታቸው ብቻቸውን ተቀምጠው የሚመርጡ ሴቶች ነበሩ። ካልቨርና ቮስ አዲስ ጠረጴዛዎች ገዛ። ሻጮቹ ልጆች ግን ጠረጴዛዎቹ ከወለሉ ጋር በብሎን ካልታሰሩ መሃል አንገባም ብለው አደሙ፤ ታሰሩላቸው።

ያኔ ሉድቪካ ከፖሊስ ጣቢያ ቤት ስትመለስ፣ ሃንካ ጎኗ በጨርቅ ተጠምጥሞ ትራስ ተደግፋ ነበር።

«ስንቱን ሰበርሽ?»

«አራቱንም።»

«ታዲያ ዓርብ ኖሪን የት ልትቆም ነው?»

«እኔ እንጃ። ፕሬንቲስ ሆድ ላይ ትቁም፤ ወድቆ ትቼዋለሁ።»

ሃንካ ልትስቅ ስትል ጎኗን ወጋት።

«አታስቂኝ፣ አንቺ ነፍሰ ገዳይ!» አለቻት ጎኗን ጭምድድ አድርጋ ይዛ።